የሚያየውን ብቻ የሚናገር ሰው

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። አፌ ካልሠራ እጄም አይሠራም፤ ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁታል። እና ታላቅ እህቴ ያንን ዝምተኛ ሰው ላገባ ነው ስትለኝ ቱግ ያልኩት ከክፋት አይደለም፤ አፈጣጠሬ ነው። ዛሬ ስለ እሱ ላወራ የተቀመጥኩት ደግሞ በጀርባው ያወራሁትን ለማካካስ ነው። ሰው ካልሞተ አይመሰገንም ይላሉ፤ እኔም ያው የሰው ልጅ ነኝ።

እትዬ ያኔ ልብስ ሰፊ ነበረች። በአንድ ጫማ ሰፊና በአንድ ፎቶ ቤት መሀል በተሸጎጠች ክፍል ውስጥ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ትሠራለች። ሰውዬው ከጦር ሠራዊት ከተሰናበተ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር መጣ፤ አሳጠረችለት። በሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣና "ትንሽ ይጠር" አላት፤ አሳጠረችለት። በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱን ጥሎ ወደ ባቱ እየወጣ ነው።

"ስማ ወንድሜ፣" አልኩት፣ "አንድ ጊዜ ደግሞ ከመጣህ ቁምጣ ሆኖ ያርፈዋል።"

እስከ ጆሮው ቀላ። እህቴ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳችና ቀና ብላ አየችው።

"ሌላ ሱሪ የለህም?"

"አለኝ።"

"እንግዲያው ነገ እሱን ይዘህ ና።"

በቃ፣ እንዲህ ተጋቡ። ከዚያ በላይ የፍቅር ወሬ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ ግን ያየሁት ይኼንን ነው።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት አይደል? እኔ "ግድግዳው" አልኩት፣ ሰፈሩ ተቀበለ። እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ ወንበር ይለቃል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ከዚያ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁት "ቆየ እኮ" ይላል። ስለ ኑሮ ሲጠይቁት "ደህና ነው" ይላል። አንዳንዱ "ልብ አውቃ ነው፣ ሁሉን በሆዱ ይዞ ነው" ይለዋል። እኔ ግን "ምንም የሚይዘው ነገር ስለሌለው ነው" ባይ ነበርኩ።

"እትዬ፣ በሞቴ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ያደርግልሻል?" አልኳት አንድ ቀን።

"ይሰማኛል።"

"ግድግዳም ይሰማል።"

"ግድግዳ ሻይ አያፈላም" አለችኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

እንጀራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ከግቢ ግቢ እየዞረ፣ ተንበርክኮ፣ የቆጣሪውን ክዳን ከፍቶ፣ በባትሪ አብርቶ ያየውን ቁጥር ይጽፋል። መስታወቱ ላይ ጭቃ ካለ በኪሱ በያዘው ጨርቅ ይወለውለዋል። ጓደኞቹ ግማሹን መንገድ ሻይ ቤት ተቀምጠው "ባለፈው ወር ይኼን ያህል ነበር፣ ዘንድሮ ወር ትንሽ ጨመር" እያሉ በግምት ሞልተው በስድስት ሰዓት ይጨርሳሉ። እሱ አሥር ሰዓት ላይ የሱሪውን ጉልበት እያራገፈ ይመጣል። ውሻ የነከሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቁጥሩን ጽፎ ነው ወደ ሐኪም የሄደው። ይኼን እህቴ በኩራት ስትነግረኝ "ሞኝ ነዋ" አልኳት። ለሦስት ሳምንት አኮረፈችኝ።

ልጅ አልወለዱም። ሁለት ክፍል ቤት ነው የነበራቸው፤ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያይ፤ እህቴም የስፌት መኪናዋን ወደዚያው አዛውራለች። ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ የስፌት መኪናዋን ይጠርጋል፣ ዘይት ጠብ ያደርግላታል፣ ከዚያ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ቁጭ። እሷ ትሰፋለች፣ ትቀዳለች ወሬ፤ እሱ ይሰማል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ።

አሁን ስለ መርፌዎቹ ልንገራችሁ። እህቴ ሃምሳኛ ዓመቷን እንደያዘች፣ ማለዳ ማለዳ ወደ ሥራዋ ስትቀመጥ መርፌ የምትሰካባት ትንሿ ትራስ ላይ አሥራ አምስት መርፌ ክር ገብቶለት ተሰክቶ ታገኛለች። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ ግራጫ። ምንም አላለም፣ እሷም አልጠየቀችም፤ "ባሌ አቀማጠለኝ" ብላ ነው የምታወራው። እኔም ቅናት ቢጤ ያዘኝ፤ አልዋሽም። ለካ ሰውዬው ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ጎን ስታሳልፈው፣ ደጋግማ ስትስት አይቷል። እሷ ራሷ ዓይኔ ደከመ ሳትል እሱ አውቆታል። አንድ ሰኞ ከሥራ ቀርቶ እጇን ይዞ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰዳት።

የዓይን ግፊት ነው ተባለ። ሕመም የለው፣ መቅላት የለው፤ ከዳር ከዳር እየበላ መጥቶ መሀሉ ላይ ደርሷል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ማለት ይኼ ነው። ሐኪሟ ጥሩ ሴት ነበረች፤ ያልጠፋውን ለማቆየት ጠብታ ሰጠች፣ የጠፋው ግን እንደማይመለስ ቁርጡን ነገረችን። ያልጠፋውም ብዙ አልቆየ። በሁለት ዓመት ውስጥ እህቴ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም የማታይ ሆነች።

መጀመሪያ ጠንካራ ነበረች፤ ቀለደች ሁሉ። አንድ ቀን የደንበኛ ጃኬት ገበር ገልብጣ ሰፋችው። ደንበኛው ምንም አላላትም፤ አመስግኖ ተቀበላትና ወጣ። ይኼ ነው የሰበራት። "ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። በማግስቱ መኪናዋን በአንሶላ ሸፈነችው። ከዚያ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሦስት ወር። ካላጎረሷት አትበላም፣ ካልጠሯት አትመልስም፤ ከክፍሏ መውጣት ጭራሽ ተወች። ያቺ መንገደኛ ሁሉ በስሟ የሚጠራት ሴት፣ ከአጥንትና ከቆዳ በቀር ምንም አልቀራት።

እሱስ? እሱማ ጠዋት ፊቷን ያጥባታል፣ ፀጉሯን ያበጥራል፣ ሾርባ ያጎርሳታል፣ ማታ እግሯን ያሻል። ጡረታውን ያለ ጊዜው ወጥቶ ቤት ዋለ። ታዲያ ይኼ ሁሉ ሲሆን ያው ዝም። እስቲ አስቡት፤ ዓይን ለሌላት ሴት ዝም ያለ ባል ማለት የሌለ ባል ማለት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች። አንድ ቀን ገብቼ፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ፣ "ማን አለ እዚህ?" ስትል ሰማኋት። ደሜ ፈላ።

ወደ ሳሎን ጠርቼው ያልወጣልኝን አወጣሁት።

"ጋሼ፣ እህቴን ልትቀብራት ነው! ሰው ከሰው ጋር ይኖራል እንጂ ከቁም ሳጥን ጋር አይኖርም። እኔ ቤት ቢያንስ ወሬ አለ፣ ሴቶች ይገባሉ ይወጣሉ፣ ሬዲዮ ይጮኻል። ልወስዳት ነው።"

መሬት መሬት እያየ፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ ስጪኝ" አለ።

"ምን ልታደርግ?"

"ስጪኝ።"

ሰጠሁት። ሊያደርግ የሚችለው ነገር እንደሌለ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው የሰጠሁት። ለነገሩ ልቤ አላረፈልኝም፤ በማግስቱ ፀጉር ቤቴን ለረዳቴ ትቼ በጠዋት ሄድኩ። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ሰውዬው በርጩማውን መስኮቱ ሥር አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ያወራል። ጥርት ያለ፣ ያልፈጠነ፣ የወታደር ድምፅ።

"ከፊት ለፊት፣ ከመስኮቱ አሥራ ሁለት ሜትር፣ ዳቦ ቤቱ ተከፍቷል። አራት ሰው ተሰልፏል። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ልጅ አዝላለች። ልጁ ወደ ኋላ ያያል። ከግራ በኩል አንድ ሰው ጎማ እያንከባለለ ይመጣል። ጎማው አንድ ነው፤ መኪና የለውም። ተቀበይ።"

ሳቄን ለማፈን አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። "ተቀበይ" ይላታል እኮ! ጦር ሜዳ ያለ መስሎት ነው? እህቴ ግን ንቅንቅ አላለችም። እሱ ትንሽ ጠበቀና ቀጠለ። ጎማው ዳቦ ቤቱን አለፈ። ልጁ ማስነጠስ ጀመረ። እንዲህ እያለ እስከ ምሳ ሰዓት መንገዱን አነበበላት፤ ውሃ ቆጣሪ እንደሚያነበው። እኔ "ይኼስ ለየለት" ብዬ ወጣሁ።

በየቀኑ ቀጠለ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፤ እሷ ቃል አልመለሰችለትም። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው እኔ ባዶ ሻንጣዬን ይዤ መንገድ ጀመርኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን እህቴ ናት የነገረችኝ፣ ግማሹን ደግሞ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት "ከቀኝ በኩል ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ትመጣለች" ሲል፣ እህቴ ፊቷን ካዞረችበት ግድግዳ በኩል ድምፅ ወጣ።

"ምን ዓይነት ሰማያዊ?"

ሰውዬው ከበርጩማው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "ሰማያዊ ነው" አላት።

"ሰማያዊ አሥር ዓይነት ነው። ጠርዙስ? በእጅ ነው በመኪና የተሰፋው?"

"ከዚህ አይታይም።"

እንግዲህ ሌላ ባል ቢሆን፣ ሌላ ሰው ቢሆን፣ እኔ ብሆን፣ "በእጅ ነው" ብሎ ይገላገላል። ማን ያጣራል? እሱ ግን ባትሪውን ከመሳቢያ አወጣና ደረጃውን በሩጫ ወረደ። መንገድ አቋርጦ ሴትዮዋ ፊት ቆመ። "ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ይቁሙልኝ" አላት። ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት የለመደውን አደረገ፤ ተንበረከከና ባትሪውን አብርቶ ቀሚሷ ጠርዝ ላይ አፍጥጦ ማንበብ ጀመረ።

እኔ ጥጉን ስታጠፍ የሰማሁት የሴትዮዋን ጩኸት ነው። ዳቦ ቤት የተሰለፈው ሁሉ ሰልፉን ጥሎ መጣ። አንዱ ጎረምሳ የእህቴን ባል ኮሌታ ጨምድዷል፣ ሌላው "ሽማግሌ ሆኖ አያፍርም!" ይላል። እሱ ባትሪውን በእጁ ይዞ እንደበራ ቆሟል። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ተረት እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ዝም ባለ ቁጥር ጥፋተኛ መሰለ። "ኧረ ተናገር፣ ሰውዬ!" እያልኩ በሻንጣዬ ሰው እየገፋሁ ስጠጋ፣ ከበስተኋላችን "ልቀቁት" የሚል ድምፅ መጣ።

እህቴ ናት። በባዶ እግሯ። ሦስት ወር ከአልጋ ያልወረደችው ሴት አሥራ ስምንት ደረጃ ብቻዋን ወርዳ፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች መንገድ ላይ ወጥታለች። የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ነው።

"ባሌ ነው። ልቀቁት። እኔ ነኝ የላክሁት።"

"ምን እንዲያደርግ?" አለ ጎረምሳው።

"ቀሚሷን እንዲያይልኝ። እኔ አላይም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ።"

ጎረምሳው ኮሌታውን ለቀቀና የጨመደደውን በእጁ አስተካከለለት። እህቴ እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፤ "የት ነሽ እናቴ? አትቆጪን" አለች። ሴትዮዋ ምን እንዳሰበች እንጃ፤ ቀረበችና የቀሚሷን ጫፍ አንስታ እጇ ላይ አደረገችላት። እህቴ በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት።

"በመኪና ነው። ግን ለዚህ ጨርቅ ይኼን የመሰለ ወፍራም ክር? ማነው እንዲህ የሠራሽ?"

ሴትዮዋ የሰፊዋን ስም ነገረቻት። እህቴ "እሷማ ድሮም ችኩል ናት" አለች። ሰዉ ሳቀ። የእህቴ ባል አልሳቀም። ቀረብ ብሎ በዚያ ጥርት ባለ ድምፁ "ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። የተማሪ ደብተር ልባድ ዓይነት" አላት።

"ይኸው፣ እንዲህ በለኛ" አለችው።

ክንዷን ሰጠችው፣ ደረጃውን ወጡ። እኔ ባዶ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በመንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ከንዴት ይሁን ከደስታ አላውቀውም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳያጎድሉ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይወጣሉ። እሱ ያወራል። ጎረቤቱ "ግድግዳው"ን ትቶ "ሬዲዮ" አለው፤ ይኼኛውን ስም እኔ አላወጣሁም። ከእሷ ጋር ሲሆን ብቻ ነው ታዲያ የሚያወራው፤ ለኔ ያው "ደህና ነው" ነበር። ሥጋ ቤቱ አዲስ መጋረጃ ሰቅሏል፣ መጋረጃው ከግራ በኩል ያጥራል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ፀጉሯን ተቆርጣለች፣ አላማረባትም። ቦዩ ውስጥ አንድ የሕፃን ጫማ ወድቋል፣ የቀኝ እግር። እህቴ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ ትስቃለች። ወደ ስፌትም በጣቷ ተመለሰች፤ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ ማጠፍ። አሥራ አምስቱ መርፌ በየጠዋቱ ይጠብቃታል።

አንድ ነገር ግን አናዶኝ ነበር። አንድ ቀን እኔ ፊት "ሰውዬ፣ አርጅቻለሁ?" አለችው። አገጯን ይዞ ወደ መስኮቱ አዞራትና አያት። "አዎ" አላት። "ከአፍሽ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር አለ። ከጆሮሽ በላይ ነጭ ነው።" አንድ ቃል እንኳ አልጨመረበትም። ሰኞ ሰኞ ደንበኛ ስለማይኖረኝ ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ፤ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥልኝ መቀሴን ይዤ ጀመርኩት።

"ጋሼ፣ አንዲት ሴት አላረጀሽም ቢሏት ምን ይጎድላል? ውሸት እኮ አንዳንዴ ጽድቅ ነው።"

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። እንዲህ ብዙ ሲያወራኝ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

"በጦርነቱ ጊዜ ሥራዬ ማየት ነበር፣ አንቺ ልጅ። ኮረብታ ላይ ሆኜ በመነጽር አያለሁ፣ በሬዲዮ እናገራለሁ፣ መድፉ እኔ ወዳልኩት ይተኩሳል። መድፈኞቹ አያዩም። እኔን አምነው ነው። አንድ ቀን ጭጋግ ነበር። ወንዙ ዳር ሰዎች አየሁ፤ ጀርባቸው ላይ ጭነት አለ። 'ጠላት ነው?' አሉኝ። 'ይመስለኛል' አልኩ። በሬዲዮ 'ይመስለኛል'ን ማንም አይሰማም። ተኮሱ። ጭጋጉ ሲነሳ ውሃ ቀጂዎች ነበሩ። ጀሪካን ነው የተሸከሙት።"

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ።

"እሷም አታይም" አለ። "የምትቆመው እኔ ባልኩት ላይ ነው። አላረጀሽም ብላት ነገ ጉድጓድ የለም ስላት በምን ታምነኛለች?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ በቀን ስንቱን አፋፍ እንደምጥል አስቤ አላውቅም ነበር። ፀጉሩን ዝም ብዬ ጨረስኩት። ይኼን ሰው ሞኝ ብዬዋለሁ፣ ቁም ሳጥን ብዬዋለሁ። የዚያን ቀን አፍሬ፣ ሲወጣ ኮቱን ይዤ አለበስኩት።

ወደ መጨረሻው ዓመታት ላይ እህቴ "ሰውዬው መንገዱን እያሳጠረብኝ ነው" አለችኝ። ድሮ ከጥግ እስከ ጥግ ይነግራት ነበር፤ አሁን የሚነግራት እግሯ ሥር ያለውን፣ ቢበዛ እጅ የሚደርስበትን ብቻ ሆኗል። ስትጠይቀው "ሌላው አይታየኝም" አላት። ሞራ ነው፤ ሁለቱንም ዓይን። አልዋሻትም፣ አልጠየቀችውም እንጂ። ያላየውን አስመስሎ መናገር በቻለ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ያነበበውን መንገድ በቃሉ ያውቀው የለ? እኔ ብሆን አደርገው ነበር። እሱ ያየው ሲቀንስ ወሬውን ቀነሰ። ለቀዶ ሕክምና ስንወስደው እሷ ናት ክንዱን የያዘችው። "በግራህ ሥጋ ቤቱ ነው፣ ቀጥሎ ሦስት ደረጃ፣ ተጠንቀቅ" እያለች። እሷ ዓይን የላት፣ እሱ ዓይኑ በሞራ ተሸፍኖ፤ ከኋላቸው ሆኜ ስሄድ ጣልቃ ልግባ ብልም መግቢያ አጣሁ። ፋሻው ተነስቶለት ወደ ቤት ሲመለሱ ዳቦ ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ የቆመችውን እርግብ ሳይቀር ነገራት።

ባለፈው ዓመት ልቡ ከዳው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደረቱን ያዘው፣ ሐኪም ቤት ገባ፣ ዓርብ ጠዋት አረፈ። ስልክ ሲደወልልኝ አንዲት ደንበኛ ራሷ ላይ ሳሙና እንዳለ ትቻት ሮጥኩ። እህቴ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። ይኼን ሳይ ደነገጥኩ። እሱን አጣን ብዬ አይደለም፣ እሱንስ አጣነው፤ እሷም አብራው እየሄደች መሰለኝ። ያንን ሦስት ወር እንደገና፣ አሁን ደግሞ የሚመልሳት የሌለበት።

ነርሷ መጣችና ልታዩት ትችላላችሁ አለችን። እጇን ይዤ አስገባኋት። አልጋው አጠገብ ቆመን እህቴ ወደኔ ዞረች።

"ምን ይታይሻል?"

"እንደተኛ ነው እትዬ፣" አልኳት፣ "ፈገግ ያለ ይመስላል፣ ፊቱ ላይ ሰላም…"

"የሚታይሽን ነው የጠየቅሁሽ።"

አፌ ተሳሰረ። እኔ፣ አፌ ተሳሰረ። ከዚያ አየሁት። በሕይወቱ ሳለ፣ ፀጉሩን ስቆርጥ እንኳ፣ እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

"ግራ ዓይኑ በደንብ አልተከደነም" አልኩ። "ጢሙ ሁለት ቀን አልተላጨም። አገጩ ላይ ነጭ ነው፣ ከጆሮው ሥር ትንሽ ጥቁር ቀርቷል። ከንፈሩ ደርቋል። ፈገግ አላለም። ፀጉሩን ወደ ቀኝ አበጥረውታል።"

"ወደ ግራ ነው የሚያበጥረው" አለች።

እጇን ወስጄ ግንባሩ ላይ አደረግሁላት። በጣቶቿ ቀስ እያለች ፀጉሩን ወደ ግራ መለሰችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ዓይኑንም እሷው ከደነችው። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሷ አላለቀሰችም፣ ትሰማኛለች።

"ሌላስ?"

የሚታየኝን ሁሉ ነገርኳት፤ አንሶላውን፣ እጆቹን፣ የጥፍሮቹን ቀለም፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን የት ድረስ እንደደረሰ። የምለው ሲያልቅ እህቴ ከአልጋው ቀና አለችና ክንዴን ፈልጋ ያዘችው።

"ፀጉር ቤቱን ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?"

"ሦስት ሰዓት ላይ።"

"እንግዲያው ከቀብሩ ማግስት ሁለት ሰዓት ላይ ነይልኝ" አለች። "ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ።"